ለወንድ ጎሽ የ.375 አረር ምርጫ፦ ለስላሳ፣ ሙሉ መዳብ ወይስ ድፍን?

አዲስ_ባለ375

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ጠመንጃው .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም ነው፤ በእጅ የሚቀባበል፣ ካዝናው ሦስት ጥይት የሚይዝ፣ የአፈሙዙ ጠመዝማዛ ቦይ በ12 ኢንች አንዴ የሚዞር። ፈቃዱ ለአንድ ወንድ ጎሽ ነው፤ አንበሳም ሊጨመር ይችላል። ርቀቱ ከ30 እስከ 80 ሜትር እንደሚሆን ተነግሮኛል።

ከፊቴ አራት ዓይነት አለ። አንደኛው ተራው 300 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) ነው፣ ስስ መዳብ የለበሰ እርሳስ፤ ዋጋውም ከሁሉም ይቀንሳል። ሁለተኛው 300 ግሬን ስዊፍት ኤ-ፍሬም፣ ሦስተኛው 270 ግሬን ባርንስ ቲኤስኤክስ (ሙሉ መዳብ)፣ አራተኛው 300 ግሬን ድፍን (ሲመታ የማይከፈት) ሆኖ አፍንጫው ድቡልቡል የሆነ። ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው ጉልበት በአራቱም ተቀራራቢ ነው። ታዲያ በምን ልለያቸው? አንዱ «ለጎሽ ድፍን ብቻ» ይለኛል፤ ሌላው «መጀመሪያ ለስላሳ (ሲመታ አፍንጫው የሚከፈት)፣ ከዚያ ድፍን» ይላል። ምክንያቱን ጭምር የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ቀለህ_ሞይ

ወንድሜ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን የጉልበት ቁጥር ለጊዜው እርሳው። ስሌቱ የሚያውቀው ክብደትና ፍጥነት ብቻ ስለሆነ እርሳሱን ከመዳቡ አይለይም። ጥቅሙ ለሕግ ነው። ለምሳሌ ዚምባብዌ ለዝሆን፣ ለጎሽና ለጉማሬ ቢያንስ 5,300 ጁልና 9.2 ሚሊሜትር ትጠይቃለች። 300 ግሬን (19.4 ግራም) በሰከንድ 771 ሜትር ሲወጣ 5,780 ጁል ገደማ ነውና ያልፋል። አጭር አፈሙዝ ላይ ፍጥነቱ ወደ 735 ከወረደ ግን 5,250 ይሆንና ከመስፈርቱ በታች ይወድቃል። ስለዚህ የራስህን ጠመንጃ ፍጥነት በመለኪያ እይ፤ ካርቶን የሚጽፈው በፋብሪካው የሙከራ አፈሙዝ የተለካውን ነው። ከዚህ ውጭ ያ ቁጥር ስለ ጎሹ ብዙም አይነግርህም።

ጥያቄው አረሩ ቆዳውን ካለፈ በኋላ ምን ይሆናል ነው። የ.375 አረር 9.5 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ የፊቱ ስፋት 71 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። አፍንጫው ተከፍቶ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን፣ ማለትም 19 ሚሊሜትር ሲደርስ፣ ስፋቱ ወደ 284 ያድጋል፤ አራት እጥፍ። ቁስሉ ሰፊ ይሆናል፣ ግን ሥጋውና አጥንቱም አረሩን በዚያው ልክ ይገቱታል። ስፋት በጨመርክ ቁጥር ጥልቀት ትከፍላለህ። አምራቾች ሁሉ የሚለያዩት ይህን ልውውጥ የት ላይ እንደሚያቆሙት ነው።

ተራው አረር የሚያቆምበት ቦታ የለውም። ስሱ ሽፋን አጥንት ሲነካ ይቀደዳል፣ እርሳሱ ከሽፋኑ ይላቀቃል፣ ከዚያ ሁለቱም ተበታትነው ይቀራሉ። በቅርብ ርቀት ደግሞ ይብሳል፤ ፍጥነቱ ገና ስላልቀነሰ መበተኑ ይፈጥናል። ብዙ ሰው «ቅርብ ነው፣ ጉልበቱ ሙሉ ነው» ብሎ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የአረር አምራቹ ጆን ኖስለር እ.ኤ.አ. በ1946 በካናዳ ሙስ የተባለውን ግዙፍ አጋዘን ሲያድን የገጠመው ችግር ይኸው ነበር፤ ፈጣኑ አረር ጭቃ የደረቀበት ወርች ላይ ይበተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ያቀረበው ፓርቲሽን የተባለ አረር በመሀሉ የመዳብ ግድግዳ አለው። የፊቱ እርሳስ ተከፍቶ ቢያልቅ እንኳ የኋላው ክፍል ድፍን ሆኖ መንገዱን ይቀጥላል።

ኤ-ፍሬም ያንን ግድግዳ ይዞ የፊቱን እርሳስ ከሽፋኑ ጋር በሙቀት አዋህዶታል። ስለዚህ የፊቱም አይረግፍም፤ ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ 95 በመቶ አካባቢ ይዞ ይቆማል። ቲኤስኤክስ እርሳስ የለውም፤ አፍንጫው ላይ ያለው ጉድጓድ በእርጥበት ግፊት ተከፍቶ አራት ቅጠል ያወጣል፣ ክብደቱም ከሞላ ጎደል ሳይነካ ይቀራል። በቅጠሎቹ መካከል ክፍተት ስላለ ከሙሉ ክብ ያነሰ ይገታልና ጠልቆ ይሄዳል።

አሁን ወደ ክብደትና ውፍረት ምጣኔ እንምጣ። ክብደቱን በፓውንድ፣ ለውፍረቱ (በኢንች) ካሬ ታካፍላለህ። 300 ግሬን በ.375 ላይ 0.305 ይሰጣል። 400 ግሬን በ.416 ላይ 0.330፣ 500 ግሬን በ.458 ላይ 0.341 ነው። ለአደገኛ አውሬ «ከ0.300 አይውረድ» የሚለው የቆየ ልማድ ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ አረሩ ካዝና ውስጥ እያለ የሚሠራ ቁጥር ነው። ተራው 300 ግሬን 40 በመቶውን ወርች ላይ ካራገፈ 180 ግሬን ይቀራል፤ በመጀመሪያ ውፍረቱ ብናሰላው እንኳ ምጣኔው 0.183 ነው። 270 ግሬኑ መዳብ ሲነሳ 0.274 ነው፣ ሲደርስም ያው ነው። እንግዲህ «300 ከ270 ይበልጣል» የሚለው ንጽጽር የሚሠራው ሁለቱ አንድ ዓይነት አሠራር ሲኖራቸው ብቻ ነው።

ከአራቱ ለጎሽ ኤ-ፍሬምን አስቀድማለሁ፣ ቲኤስኤክስ በጣም ተጠግቶ ሁለተኛ ነው። ተራውን ጎሽ ላይ አትተኩሰው። ድፍኑን ለሌሎች እተዋለሁ፤ እዚህ ቤት ስለ ድፍን ከእኔ የበለጠ የሚከራከር ሰው አለ።

ድፍን_ብቻ

ስሜን ሳትጠራ ጠራኸኝ ማለት ነው 🙂

በመጀመሪያ «ለጎሽ ድፍን ብቻ» የሚለውን ላስተካክል። መንጋ ውስጥ የቆመን ጎሽ በጎኑ በድፍን ብትመታው አረሩ ወጥቶ ከኋላ የቆመችውን ሊያቆስል ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ፈቃድ፣ ሁለት የቆሰለ ጎሽ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥይት የሚከፈት መሆኑ ትክክል ነው፣ ከሚያደርሰው የቁስል ስፋት አንጻርም ጭምር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ጉዳያቸው ሌላ ነው። ጎሹ ከተመታ በኋላ ጎኑን ሰጥቶህ አይቆምም፤ ወይ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል ወይ ፊት ለፊት ይመጣል። ጀርባውን ሲሰጥህ አረሩ በዳሌው ገብቶ በጨጓራው በኩል አልፎ ሳንባው ጋ መድረስ አለበት፤ ይህ ከአንድ ሜትር በላይ መንገድ ነው። እርጥብ ሣር የሞላው ጨጓራ ደግሞ የተከፈተ አረርን ከአጥንት በላይ የሚያቆም ነገር ነው። እዚያ ጋ የሚያደርስህ ድፍን ነው።

አሁን የአንተ ድፍን፦ ድቡልቡል አፍንጫ ነው ብለሃል። እኔ እቀይረው ነበር። ማንኛውም ሹል ወይም ድቡልቡል አረር ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል። በአየር ላይ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ሽክርክሪቱ ነው፤ ሥጋ ግን ከአየር በብዙ መቶ እጥፍ ስለሚጠጥር ሽክርክሪቱ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የተወሰነ ርቀት ከሄደ በኋላ ኋላው ወደ ፊት ለመቅደም ይሞክራል፣ አረሩ በጎኑ ይዞራል፣ አቅጣጫ ይስታል። ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው ድፍን ሥጋውን ከፊቱ ወደ ጎን ስለሚገፋ በዙሪያው ባዶ ክፍተት ይፈጥራል፤ ገላው በዚያ ክፍተት ውስጥ ሳይነካ ስለሚያልፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጠፍጣፋው ክፍል ከአረሩ ውፍረት ከ65 እስከ 70 በመቶ ሲሆን ጥሩ ነው፤ በ.375 ላይ ከ6.2 እስከ 6.7 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። በካሊፐር ለካው፣ በዓይን አትገምት።

ሁለተኛው ነገር የተሠራበት ነው። ድሮ ስስ ሽፋን ያላቸው «ድፍን» ተብዬዎች ከባድ አጥንት ላይ ይጣመሙ፣ ከኋላቸውም እርሳስ ይተፉ ነበር። ዛሬ ሁለት አስተማማኝ መንገድ አለ። አንዱ ሙሉ ናስ ወይም ሙሉ መዳብ ነው። ሌላው በመዳብ የተለበጠ ወፍራም የብረት ሽፋን ውስጥ የተዘጋ እርሳስ ነው፤ የሆርናዲ ዲጂኤስ ይህን ይመስላል፣ አፍንጫውም ጠፍጣፋ ነው። የያዝከው የትኛው እንደሆነ ካላወቅህ ማግኔት አስጠጋው። ካልሳበውና ሙሉ ናስ ወይም መዳብ ነው የሚል ጽሑፍ ካላገኘህ ተወው።

ለዝሆን ክርክር የለም፤ ድፍን ብቻ ነው። የራስ ቅሉ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ አጥንት ነው። ከፊት ሲተኮስ አረሩ በትልቅ ወንድ ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ በዚያ አጥንት ውስጥ ሄዶ ነው አንጎሉን የሚያገኘው፤ መንገድ ላይ ጥቂት ዲግሪ ከታጠፈ አልፎት ይሄዳል። የዝሆን አዳኙ ካራሞጆ ቤል በ7×57 ከባድ ያልሆነ ጠመንጃ ያን ሁሉ ዝሆን እንዴት ገደለ ለሚሉ፦ 173 ግሬን፣ ረዥም፣ የማይከፈት አረር ነበር የሚጠቀመው፤ ምጣኔው 0.306 ነው። ከ.375 ባለ 300 ግሬኑ ጋር እኩል ማለት ነው። የራስ ቅሉን ውስጥም ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የአረሩን ትምህርት ውሰዱ፣ ካሊበሩን ግን አትኮርጁ፤ በብዙ አገር ሕግ ዛሬ ለዝሆን በዚያ ጠመንጃ መውጣት አይቻልም፤ አደጋ ሲመጣም ትንሽ ስህተትን የሚሸፍን ጉልበት የለውም።

አዲስ_ባለ375

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሙሉ መዳቡ ያን ያህል ጠልቆ የሚሄድ ከሆነ ድፍን መያዝ ለምን ያስፈልገኛል? ካዝናውን በሙሉ በቲኤስኤክስ ብሞላውስ? ደግሞ ጋሽ ቀለህ_ሞይ፣ መዳቡን በ270 ፋንታ በ300 ብወስደው አይሻልም?

ቀለህ_ሞይ

ከሁለተኛው ልጀምር። መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፤ ጥግግቱ 8.9 ነው፣ የእርሳስ 11.3። ስለዚህ እኩል የሚመዝን መዳብ ከንጹሕ እርሳስ ሩብ ያህል የሚበልጥ ቦታ ይፈልጋል። ውፍረቱ የተወሰነ ስለሆነ የሚጨምረው በርዝመት ነው። ጥይቱ ደግሞ በካዝናው ተወስኗል፤ የ.375 ሙሉ ርዝመት ከ91.4 ሚሊሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ትርፉ ርዝመት ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገባና የባሩዱን ቦታ ይወስዳል። 300 ግሬን መዳብ ይሠራል፣ የአፈሙዝህም ጠመዝማዛ ቦይ ይሸከመዋል፤ ግን ፍጥነት ታጣለህ፣ የምታተርፈው ጥልቀትም 270ው ካለው ብዙ አይርቅም። በ.416 ላይም 350 ግሬን መዳብ የ400ውን እርሳስ ሥራ ይሠራል የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው።

የፍጥነት ነገር አንድ ወጥመድ አለው። ለሚከፈት እርሳስ አረር ፍጥነት መጨመር ሁልጊዜ ጥልቀት አይጨምርም፤ አፍንጫው ይበልጥ ስለሚሰፋ ቶሎ የሚቆምበት ጊዜ አለ። የመዳብ አረር ችግር ደግሞ ከሌላው ጫፍ ይመጣል፤ ብዙዎቹ በሰከንድ ከ550 ሜትር አካባቢ በታች ሲመቱ ጉድጓዱ በደንብ አይከፈትም። አንተ በ80 ሜትር ከ700 በላይ ላይ ነህና አያሳስብህም። ሊያሳስብህ የሚገባው የአፍንጫው ጉድጓድ ነው። ከተጨፈለቀ ወይም ሲመታ ወደ ውስጥ ከተዘጋ አረሩ እንደ ቀጭን ድፍን ሆኖ ያልፋል፣ ቁስሉም ጠባብ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ ቢሆንም እያንዳንዱን ጥይት ከመጫንህ በፊት አፍንጫውን በዓይንህ እይ።

ባለሁለት_አፈሙዝ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ፣ ከድፍን_ብቻ ጋርም ትንሽ ልለይ።

ለጎሽ ካዝናውን በሙሉ በሚከፈት መዳብ መሙላት ሞኝነት አይደለም። ሁሉም ጥይት አንድ ዓይነት ከሆነ ሁሉም አንድ ቦታ ይመታል፣ «ቀጥሎ የሚጎርሰው የትኛው ነበር?» የሚል ጥያቄ የለም፣ በድንጋጤ ጊዜ መንጋው ውስጥ ድፍን የምትልክበትም አጋጣሚ አይኖርም። በዳሌ ገብቶ ወደ ፊት የሚሄደው ምት ላይ ግን ጠፍጣፋው ድፍን ይበልጠዋል፤ እዚያ ላይ ልክ ነው። እኔ የምመርጠው አጎርሶ የሚያዘውን የሚከፈት፣ ከታች ያሉትን ሦስቱንም ድፍን ማድረግ ነው። ይህን ካደረግህ ግን ሁለቱ ዓይነት አንድ ቦታ እንደሚመቱ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

አረጋገጡ እንዲህ ነው። ከተለያየ ብረት የተሠራ አረር አፈሙዙ ውስጥ የተለያየ ቅሪት ይተዋል፤ ዓይነት ከመቀየርህ በፊት የመዳብ ማስለቀቂያ ተጠቅመህ እስኪጠራ ጥረገው። የሚከፈተውን በ50 ሜትር ልክ መሀል አስተካክል። ከአፈሙዙ 4 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ የተገጠመ ቴሌስኮፕ ላይ ይህ በ100 ሜትር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ስለሚል ለአንተ ርቀት ሌላ ስሌት አያሻውም። ከዚያ ማስተካከያውን ሳትነካ ሦስት ድፍን ተኩስ። ከቀዳሚዎቹ መሀል በ5 ሴንቲሜትር ክበብ ውስጥ ካረፉ ይበቃል። ካላረፉ የሚከፈተውን አትንካ፤ ድፍኑን ሌላ ክብደት ወይም ሌላ አምራች ቀይር። ተኩሱን ከጠረጴዛ ላይ ብቻ ሳይሆን ቆመህና በሦስት እግር ድጋፍ ላይ ሆነህም ድገመው፤ ጎሹ ጋ ጠረጴዛ የለም።

ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ላላችሁ ደግሞ፣ ስሜም ስለሆነ ልናገር። ሁለቱ አፈሙዞች አንድ ቦታ እንዲመቱ ከፋብሪካ የተቃኙት ለአንድ ክብደትና ለአንድ ፍጥነት ነው። በ.470 ናይትሮ ኤክስፕረስ ላይ 500 ግሬን በሰከንድ 655 ሜትር ማለት ነው። ቀለል ያለ አረር ብታስገቡ ሁለቱ ይለያያሉ ወይም ይጠላለፋሉ። አሮጌና ስስ አፈሙዝ ላይ ሙሉ መዳብ ወይም ናስ አትሞክሩ፤ እርሳስ በቦዩ ሲጨመቅ ይታዘዛል፣ ድፍኑ ብረት ግን አይታዘዝምና አፈሙዙን ራሱን ይገፋል። ሙሉ ብረት ሆኖ ገላው ላይ ቀለበት ቀለበት የተቆረጠበት የሚሠራው ይህን ግፊት ለመቀነስ ነው፤ ያም ቢሆን ለአሮጌ ጠመንጃ አንጥረኛ ሳታማክሩ አይሆንም።

አዲስ_ባለ375

ካዝናው ላይ ያልተነሳ ነገር አለ? ጠፍጣፋ አፍንጫ አንዳንዴ አልጎርስ ይላል ሲባል ሰምቻለሁ። ደግሞ ቀለህ መልሼ መሙላት ጀማሪ ነኝ።

ቀለህ_ሞይ

አለ፣ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ጠፍጣፋው አፍንጫ ከካዝና ሲወጣ የመጉረሻውን ጠርዝ ሊነካና ሊቆም ይችላል። ካዝናውን ሞልተህ በፍጥነት፣ ሳትራራ አቀባብል፤ ከዚያ ቀስ ብለህ ድገመው። አንዳንዱ ጠመንጃ ሲፈጥን ይውጣል፣ ሲዘገይ ያንቃል፤ አንዳንዱ በተቃራኒው። ከቀኙ ረድፍም ከግራውም እንዲመጣ አድርግ፤ ችግሩ በአንዱ በኩል ብቻ ሊሆን ይችላልና። ከተያዘ ሁለት መፍትሔ አለ፦ ጠርዙን በባለሙያ ማስለስለስ ወይም ጠርዙ ትንሽ የተጠጋጋ ጠፍጣፋ አረር መፈለግ። አረሩን ራስህ አትሞርድ።

ሌላው የርግጫ ነገር ነው። .375 ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይዘላል፤ ካዝና ውስጥ የቀሩት ጥይቶች ግን ባሉበት መቆየት ስለሚፈልጉ የካዝናው ፊተኛ ግድግዳ አፍንጫቸውን ይመታዋል። ሁለት ነገር ይከተላል። ክፍት እርሳስ አፍንጫ ይጨፈለቃል፤ ለጎሽ ርቀት የመምታት ትክክለኛነቱን ብዙም አይጎዳም፣ ማጉረሱን ግን ሊያበላሽ ይችላል። የከፋው አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ መግባቱ ነው። የባሩዱ ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱ ይጨምራል። መከላከያው የቀለሁን አፍ አረሩ ላይ ባለው ቦይ ቆንጥጦ መያዝ ነው። ቁንጥጫው እኩል እንዲሆን ቀለሆቹ እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል፤ የ.375 ቀለህ ከፍተኛ ርዝመቱ 72.4 ሚሊሜትር ነው፣ ሁሉንም ወደ 72.1 ቁረጣቸው። ረዘም ያለ ቀለህ ከልክ በላይ ይቆነጠጥና ትከሻው ያብጣል፣ አልጎርስም ይልሃል። አጠር ያለው ደግሞ በቂ አይያዝም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሦስቱን ጥይት በካሊፐር ለክተህ ቁጥር ጻፍባቸው። የመጨረሻውን ካዝና ውስጥ ትተህ ሌሎቹን ተኩስ፣ እንደገና ሞልተህ ድገም። ያ ጥይት አምስትና ስድስት ጊዜ ርግጫ ከቀመሰ በኋላ ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ካጠረ ቁንጥጫህ ደካማ ነው።

መዳብ ስትሞላ አረሩን ከጠመዝማዛው ቦይ መነሻ ቢያንስ 1.3 ሚሊሜትር አርቀው። የእርሳስ አረር ተጠግቶ ሲቀመጥ የሚወደውን ያህል መዳብ መጠጋት አይወድም፤ ተጠግቶ ከተቀመጠ ግፊቱ ይወጣል። ባሩዱንም አታጭቅ። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው .458 ዊንቸስተር ማግነም በኋላ ስሙ የጠፋው አጭር ቀለህ ውስጥ የታጨቀ ባሩድ እየጠጠረ በትክክል ባለመቃጠሉ ነበር፤ አረሩ ጥሩ ሆኖ ፍጥነቱ ግን ይወርድበት ነበር። ጥይትን ፀሐይ ላይ፣ በተለይ የመኪና ፊት መስታወት ሥር፣ አትተው፤ የሞቀ ባሩድ ግፊቱ ይጨምራል። የተቃጠለ ቀለህ አልወጣም ካለህ ሁለተኛ ምት የለህም ማለት ነው።

ድፍን_ብቻ

አንበሳው ተረሳ። ለአንበሳ የጎሹን ምክር ገልብጠው። 190 ኪሎ የሚመዝን፣ ቆዳው ስስ፣ አጥንቱ ከጎሽ ጋር የማይወዳደር አውሬ ነው፤ የሚያስቆመው ፈጥኖ የሚከፈት አረር ነው። ድፍን አልፎት ይሄዳል፣ አንበሳውም ወደ አንተ መምጣቱን አያቆምም። ያ ለጎሽ አይሆንም የተባለው ተራው 300 ግሬን እዚህ ቦታ አለው። ኤ-ፍሬምም የፊቱ እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በደንብ ይሠራል፣ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ለሚያድን ሰው ያ ይቀላል። ሙሉ መዳቡ ለአንበሳ ሦስተኛ ምርጫዬ ነው።

የጎሹን ቦታ ደግሞ በአጭሩ፦ ጎኑን ሲሰጥህ ከሚታየው የፊት እግር መሀል ቀጥ ብለህ ውጣ፣ ከፍርምባው ሥር አንድ ሦስተኛ ከፍታ ላይ አቁም። ልቡ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ታች ነው። እንደ አጋዘን «ከወርቹ ኋላ» ብለህ ከተኮስክ የሳንባውን ጫፍ ወይም ጨጓራውን ታገኛለህ። ቆሞ እስካለ ድረስ ተኩስ፤ «ተመቷል፣ ይበቃዋል» አትበል።

እርጥብ_ወረቀት

አረሩን ከመግዛት በፊት መፈተን የሚፈልግ ሰው ካለ፣ በጣም ርካሹ መንገድ የቆየ ጋዜጣ ነው። ሙሉ ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍ፣ ግማሽ ሰዓት ይንጠፍ፣ ከዚያ አጥብቃችሁ ሳጥን ውስጥ ደርድሩ። ለሚከፈት አረር ከ70 እስከ 80 ሴንቲሜትር፣ ለድፍን ሁለት ሳጥን ተከታትሎ ያስፈልጋል። ያልደረቀ የበሬ ወርች አጥንት ከፊት ቢገባ ጥሩ ነው፤ አጥንት የሌለበት ሙከራ ተራውን አረር ያሞካሸዋል። ምቶቹን ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር አራርቁ፣ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቀዳዳ ይከተላል።

አምስት ሜትር ላይ ቆማችሁ አትተኩሱ። አረር ከአፈሙዝ እንደወጣ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ነው የሚረጋው፤ ሳይረጋ ከመታ በጎኑ ይዞርና መልካሙን አረር መጥፎ ያስመስለዋል። 25 ሜትር ይበቃል፣ 50 ይሻላል። አረሩን ስታገኙ መዝኑት፣ የተከፈተውን በሁለት አቅጣጫ ለኩ፣ ጥልቀቱን ጻፉ። እርጥብ ወረቀት ከሥጋ ስለሚጠጥር ጥልቀቱን «ጎሽ ውስጥ ይህን ያህል ይሄዳል» ብላችሁ አታንብቡት፤ የሚጠቅመው አንዱን ከሌላው ለማወዳደር ነው። ለድፍን ጥልቀቱን ሳይሆን ቀጥታነቱን ተመልከቱ፦ ከመግቢያው እስከ መውጫው ክር ወጥሩ። በሳጥኑ ጎን የወጣ ድፍን ውድ ቢሆንም አትግዙት።

አዲስ_ባለ375

ኤ-ፍሬምና ጠፍጣፋ ናስ ድፍን፣ ሁለቱም 300 ግሬን፣ ሊሆን ነው። ከየትኛው ልጀምር?

ቀለህ_ሞይ

ከድፍኑ። አንድ ካርቶን ብቻ ገዝተህ መጀመሪያ ማጉረሱን እይ፤ ጠመንጃህ ካልዋጠው ወይም በ50 ሜትር ርቆ ካረፈ የምትቀይረው እሱን ነው። ኤ-ፍሬሙ በቀላሉ ይጎርሳል። ሁለቱ ከተስማሙ ከአንድ የምርት ተከታታይ ቁጥር የሚበቃህን በሙሉ በአንዴ ግዛ፤ ቁጥሩ ሲቀየር የማረፊያ ቦታው ሊሸሽ ይችላል።